«ኩራተኛ ናቸው» የተባሉት እናት፦ ከእድር የወጣ ሰው እንዴት ከሰው ይወጣል?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከአዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ከእኛ ግቢ ጀርባ በቀበሌ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው እናት አሉ። ባለቤታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ከሞቱ ቆይተዋል። አንዲት ልጃቸው ዐረብ አገር ሄዳ ከሦስት ዓመት ወዲህ ድምጿ የለም። ድሮ እንጀራ እየጋገሩ ይሸጡ ነበር፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አብልተው ያሳደጉ ሰው ናቸው። አሁን ግን ቡና ሲጠሩ አይመጡም፤ ከእድር ወጥተዋል፤ ለቅሶም አይደርሱም። ምግብ ስንልክላቸው ‹አሁን በላሁ› ብለው ይመልሳሉ። አንዳንዱ ኩራት ነው ይላል፤ ሌላው መንፈስ ነው ይላል። እኛ የሰፈሩ ወጣቶች 18,000 ብር አዋጥተናል። ቪዲዮ ቀርጸን ተጨማሪ እናሰባስብላቸው ወይስ አረጋውያን ማዕከል እናስገባቸው? የቱ ይሻላል?»

መልስ፦ ሁለቱንም አታድርጉ። ቪዲዮው ጭራሽ ይቅር፤ ማዕከሉም ለጊዜው ይቆይ። መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ እኚህን እናት ወደ እድራቸው መመለስ ነው። ምግቡም፣ ሕክምናውም፣ የመንግሥት ድጋፉም ከዚያ ጋር ተያይዞ ይመጣል። ሰው እየተራበ ስለ ቀብር ማኅበር ማውራት ምን የሚሉት ነው የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ምክንያቱ ግን ከጥያቄዎ ውስጥ አለ።

«የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አብልተው ያሳደጉ ሰው ናቸው» ብለዋል። እንግዲያውስ እኚህ ሴት በሰፈሩ የታወቁት በእጃቸው ነው። ሊጥ ላለቀባት አበድረዋል፤ እናቱ ሥራ ለዋለችበት ልጅ ከምጣዱ ላይ ትኩስ ቆርሰው ሰጥተዋል፤ ቡና ሲጠሩ ሰው ሞልቶ ተቀምጧል። ዛሬ በእናንተ እጅ የሚመጣላቸው ሳህን ግን የሚመለሰው ባዶውን ነው። ጎረቤት የላከችውን ዕቃ ባዶ መመለስ ነውር ነው ተብለው ያደጉ ሰው፣ ባዶ ከሚመልሱ «አሁን በላሁ» ማለት ይቀላቸዋል። ኩራት ቢሆን ኖሮ ድሮም ይታይባቸው ነበር። ስድስት አሥርት ዓመት ከሰው ጋር ሲበላ ሲጠጣ የኖረ ሰው በሰባ ዓመቱ ድንገት ኩራት አይጀምረውም። የሚጀምረው ማጣት ነው፤ ማጣቱን ደግሞ ይሉኝታ ይሸፍነዋል።

የቡናውንም ነገር እንደዚሁ ተመልከቱት። የሰፈር ቡና ተራ አለው፤ ዛሬ እኔ ጋ፣ ነገ አንቺ ጋ እየተባለ ይዞራል። ተራው ሲደርስ ቡናው፣ ስኳሩ፣ ከሰሉ፣ ቢያንስ አንድ ሰሃን ቆሎ ከቤቷ ይወጣል። ቡና በኪሎ ይገዛ በነበረበት ቤት በሲኒ እየተለካ መገዛት ሲጀምር፣ ሴትየዋ አንድ ቀን «ራሴን አሞኛል» ትላለች። ቀጥሎ ተራዋን ትዘላለች። ያልጠራች ሰው ደግሞ ሌላው ቤት ሄዳ ስትጠጣ አንገቷን ትደፋለች፤ ማንም ምንም ሳይላት እሷው ሂሳቡን ትይዛለች። ትንሽ ቆይቶ ጠሪዎቹም «አትመጣም እኮ፣ ለምን እናስቸግራት» ብለው ይተዋሉ። የበደለም ያባረረም የለም። አንድ ሰው ግን ከሰው መሀል ወጥቷል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የእድሩ ነው። እናንተ ወጣቶች እድርን የምታውቁት በድንኳኑና በጡሩምባው ስለሚሆን፣ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ደንቡ ከእድር እድር ቢለያይም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። ወርሃዊ መዋጮ አለ፤ የዘገየ ቅጣት ይጨመርበታል። ለቅሶ ተነግሮት ያልወጣ፣ ድንኳን ተከላ ላይ ያልተገኘ፣ የአዳር ተራው ደርሶ የቀረም ይቀጣል። ውዝፉ በመተዳደሪያ ደንቡ ከተጻፈው ወር ሲያልፍ ስሙ ይሰረዛል። ተመልሶ ልግባ ካለ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ አባል መግቢያ ይጠየቃል። መግቢያው ደግሞ እድሩ ባንክ ያለው ገንዘብና ያፈራው ንብረት ለአባላቱ ሲካፈል ለአንድ ሰው ከሚደርሰው ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ይተመናል። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱን ከድሮ ጀምሮ ባጠራቀመ እድር ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ዋናው ግፍ እዚህ ላይ ነው፦ ያን ድስትና ድንኳን ለመግዛት ለሠላሳ ዓመት ያዋጣች ሴት፣ የአንድ ዓመት ውዝፍ ስላለባት ብቻ የራሷን ንብረት እንደገና ግዢ ትባላለች። ዳኞቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ደንቡ የተጻፈው ሰው ከስንፍና ወይም ከተንኮል በቀር አይዘገይም ተብሎ ነው፤ ማጣትን የሚያውቅ አንቀጽ የለውም፣ ወይም ቢኖረው ማንም አይጠቅሰውም።

ከእድር የወጣ ሰው ለቅሶ ለምን እንደሚቀር አሁን ይገባችኋል። ቢሄድ «በምን አገባቡ» የሚባል ይመስለዋል፤ ባይሄድ ደግሞ «ጨካኝ» ይባላል። ከሁለቱ ቤት መቅረት ይሻላል። ማታ ማታ የሚያስቡትን ደግሞ ማንም አይጠይቃቸውም፤ እኔ ግን በዚህ ሥራ ያገኘኋቸው ብቸኛ አረጋውያን ከረሃባቸው አስቀድመው የሚነግሩኝ እሱን ነው። ማን ይቀብረኛል? ማዘጋጃ ቤት ይሆን የሚያነሳኝ? ይህ ጭንቀት ለሃያ ዓመት ወጣት ቀልድ ይመስለዋል። ለእሳቸው ግን የእድር ደብተር ማለት ስማቸው ከሰው ተራ የሚቆጠርበት የመጨረሻው ወረቀት ነው።

አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ላርም። «ብቸኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ ግድግዳ ተጋርተን፣ ሽንት ቤት ተጋርተን እየኖርን ማን ብቸኛ ይሆናል?» ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት ግልባጩን ነው የሚያሳየው። በዓለም ከስድስት ሰው አንዱ በብቸኝነት ስሜት ይጠቃል፤ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች 24 ከመቶ ያህሉ ብቸኝነት እንደሚሰማቸው ሲናገሩ፣ በከፍተኛ ገቢ አገሮች ግን 11 ከመቶ ናቸው። ከብቸኝነት ጋር የተያያዘው ሞትም በዓመት 871,000 ያህል ተገምቷል። የሰው ብዛትና የሰው መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንዲያውም በተጨናነቀ ግቢ ውስጥ ያጣ ሰው መደበቂያ የለውም፤ ምድጃው ሳይጤስ መዋሉን ጎረቤት ያያል። ስለዚህ በሩን ገርበብ ያደርጋል።

ሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሰው የሚበዛበትም ያለ ምክንያት አይደለም። የቀበሌ ቤቶች የመጡት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በመንግሥት ሲወረሱ ነው። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆኑት አነስተኛ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ለረጅም ዘመን ባለበት ቆየ፤ ጥገናውም ቆመ። በዚህ ምክንያት መሀል ከተማ ውስጥ፣ ከትልልቅ ሆቴሎች ጀርባ፣ ጭቃው የረገፈ ቤት ውስጥ አሮጊት ተከራይ ማየት ይለመዳል። ቤቱ ባይኖር ኖሮ እኚህ እናት ዛሬ ባላቸው ገቢ በአዳማ ዋጋ አንድ ክፍል መከራየት አይችሉም ነበር፤ ቤቱ ስላለ ደግሞ ከውጭ ሲያዩት «መሀል ከተማ ቤት አላቸው» ይባላል። በባቡር ጣቢያው ዙሪያ ያለው ሰፈር ደግሞ የሚበላው ከባቡሩ ነበር። ለመንገደኛ ሻይ፣ ለሠራተኛ ምሳ፣ ለሆቴሉ እንጀራ የምታቀርበው ሴት ብዙ ነበረች። የድሮው ባቡር ሲቆምና አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሲሠራ ያ ገበያ አብሮ ሄደ። ከዚያ በላይ ደግሞ ጎረቤቱ ይለወጣል። የድሮ ጎረቤቶች ወይ ሞተዋል፣ ወይ ልጆቻቸው ኮንዶሚኒየም ወስደዋቸዋል፣ ወይ በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ሥራ ተነስተው ተበትነዋል። በእነሱ ምትክ የገባው ተከራይ ኪራይ ሲጨመርበት የሚለቅ ወጣት ነው፤ የማንንም ስም ሳያውቅ ይወጣል። እናታችን ሰው ሳይሆን ሰፈር ነው የጠፋባቸው።

«መንፈስ ነው» ወደሚለው ልምጣ። ጸበል አትውሰዷቸው አልልም፤ እሳቸው ከፈለጉ ይሂዱ፤ ሕክምናውን ግን አይተካውም። በዚህ ዕድሜ ሰው ከሰው የሚሸሽባቸው፣ በቀላሉ የሚታዩ ግን ማንም የማያያቸው ሕመሞች አሉ። የመጀመሪያው ዓይን ነው። በአገራችን ለዓይነ ሥውርነት ቀዳሚው ምክንያት የዓይን ሞራ ሲሆን፣ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ሰላምታ ሳይመልሱ ያለፉት ኩራተኛ ሆነው ሳይሆን ሰውየውን ስላላዩት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጆሮ ነው፤ ቡና ላይ ሁሉም ሲስቅ ለምን እንደተሳቀ ያልሰማ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። ሦስተኛውን ሴቶች ለሐኪምም አይነግሩም፦ ሽንት አለመቋጠር ወይም የማህፀን መውጣት። ልብሴ ይሸታል ብላ የምትሰጋ ሴት ሰው መሀል አትቀመጥም፤ የጋራ ሽንት ቤቱ ከግቢው ጫፍ ከሆነ ደግሞ ማታ ውሃ መጠጣት ትተዋለች። ይህን የሚጠይቅ ወንድ አይሁን። የሰፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ለቤት መሄድ ሥራዋ ነው፤ ወደ እሳቸው ቤት ብቻ እንደመጣች እንዳይመስል አጎራባቹን ሁለት ሦስት ቤት አያይዛ እንድትጎበኝ ጠይቋት።

ድብርትም አለ፤ ልጅ ድምጿ ለጠፋባት እናት ባይኖር ነው የሚገርመው። እንቅልፍ ማጣት፣ መክሳት፣ ቀድሞ ይወዱት የነበረውን መጥላት፣ «ምነው በወሰደኝ» ማለት ሲደጋገም በአዳማ ሆስፒታልም ሆነ በቅርብ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት፤ መድኃኒትና ምክር ያለው ሕመም ነው። ድንገት ቀን ከሌሊት ካምታቱ፣ ሰው መለየት ካቃታቸው ወይም ምግብም ውሃም ጨርሰው ከተዉ፣ ወይም ራሳቸውን ስለመጉዳት ከተናገሩ ግን ምክር ቀርቶ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይወሰዱ። በአዛውንት ላይ ድንገተኛ መምታታት ብዙ ጊዜ የኢንፌክሽን ወይም የውሃ እጥረት ምልክት ነው፤ አዳማ ውስጥ ሙቀቱ ሲበረታ ይህ ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ መንግሥት ድጋፍ። በከተማ ሴፍቲኔት (ለከተማ ድሆች ገንዘብ በሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም) ላይ «ለጉልበት ሠራተኛ ነው» የሚል አስተሳሰብ አለ፤ ስህተት ነው። ፕሮግራሙ በ2009 ዓ.ም. አዳማን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ አብዛኛው ተጠቃሚ መንገድ ጠርጎ ቦይ ቆፍሮ የሚከፈለው ቢሆንም 16 ከመቶው ሥራ የማይጠየቅበት የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ እንዲሆን ነው የታቀደው። እሱ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕመም ላለባቸው ነው። ችግሩ መልማዩ ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴ መሆኑ ነው። ኮሚቴው ሰውን የሚያውቀው በስብሰባ፣ በእድርና በቡና ላይ ነው፤ ከቤት የማይወጣ ሰው ስም አይነሳም። ማለትም ከሰው መራቅ ራሱ ከድጋፍ ያስቀራል። ወረፋም፣ ኮታም አለው፤ ዛሬ ተመዝግቦ ነገ የሚከፈልበት አይደለም። ስለዚህ ስማቸውን የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል፤ የእድር ዳኛ ቢያነሳው ይሰማል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከዚህ ይፈጥናል። መክፈል ለማይችሉ መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፤ ነገር ግን የምዝገባና የእድሳት ወቅት ስላለው እንዳያልፋችሁ አሁኑኑ ቀበሌ ጠይቁ። ሌላው፣ ባለቤታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ ብለዋል። የጡረታ መብት ያለው ሠራተኛ ሲሞት ባል ወይም ሚስት የጡረታውን 50 ከመቶ በተተኪነት ያገኛሉ። ይህን የማያውቁ፣ ወይም አንድ ጊዜ ጠይቀው ወረቀት ጎደለ ተብለው በዚያው የቀሩ መበለቶች ጥቂት አይደሉም። እሳቸው እየወሰዱ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ የጋብቻና የሞት ማስረጃው ይፈለግ። ጊዜ ያለፈበት ጥያቄ ወደኋላ ያለውን ገንዘብ ሊያስቀር ስለሚችል፣ ከመሄዳችሁ በፊት የጡረታ ጽሕፈት ቤቱን በሚገባ ጠይቁ።

እዚህ ሁሉ ላይ አሰናካዩ ወረቀት ነው። የቀበሌ መታወቂያው ጊዜው ያለፈ ይሆናል። ክፍያው በባንክ ስለሆነ የባንክ ደብተር ያስፈልጋል፤ ለእሱ ደግሞ ፋይዳ፣ ማለትም ብሔራዊ መታወቂያ። ዕድሜ ልካቸውን ምጣድ ሲያሰሱና ሊጥ ሲያቦኩ የኖሩ እጆች አሻራቸው ስስ ይሆንና ማሽኑ «አልተነበበም» ሊል ይችላል፤ «አሻራ የለሽም» ተብለው አፍረው እንዳይመለሱ። ፋይዳ የዓይን ብሌንና ፊትም ስለሚመዘግብ መዝጋቢውን በትዕግሥት እንዲሞክር አሳስቡት። የቢሮው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን አሳምሮ የሚጽፍ ጎረቤት ፈልጉ፤ በእናንተ ሰፈር እሱ የሚጠፋ አይመስለኝም። ጣራው የሚያፈስ ከሆነ በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ የሚታደሱ የአቅመ ደካሞች ቤቶች ዝርዝር ውስጥ ስማቸው እንዲገባ በበጋው ይጠየቅ፤ ሐምሌ ላይ ዝርዝሩ ያለቀ ነው።

ቪዲዮው ይቅር ለምን እንዳልኩ ባጭሩ። ለአንድ ሳህን ወጥ ያፈሩ ሰው ለመቶ ሺህ ተመልካች አይከፈቱም። ከቀረጻችሁ በኋላ ገንዘብ ይመጣ ይሆናል፤ አብሮት ደግሞ የጠፋ ዘመድ፣ ተበዳሪ፣ ሌሊት በር የሚያንኳኳ፣ «ስንት ገባላቸው» የሚል ጎረቤት ይመጣል። ገንዘቡ ያልቃል፤ ምስሉ ግን ይቀራል፣ ልጃቸውም ያለችበት አገር ሆና ልታየው ትችላለች። «ፈቅደዋል» ማለትም አያወጣም፤ የሰፈሩ ልጅ በቡድን በር ላይ ቆሞ ሲጠይቃቸው እምቢ ማለት እንደሚከብዳቸው እናንተም ታውቃላችሁ።

ማዕከሉ ሌላ ነገር ነው። ራሳቸውን ማጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መድረስ ላቃታቸውና ጠያቂ ለሌላቸው ሰዎች ሕይወት አድን ነው፤ የእንዲህ ያሉ ማዕከላት ሥራ ትልቅ ነው። እኚህ እናት ግን ከጻፉልኝ እንደምረዳው ራሳቸውን ችለው ይኖራሉ፤ ቤትም አላቸው። ቤቱን ጥለው ከወጡ ሌላ መዘዝ ይመጣል፦ የተዘጋ የቀበሌ ቤት፣ ወይም ሌላ ሰው የገባበት ቤት፣ ውላቸውን ሊያሳጣቸው ይችላል። ማዕከሉ አልስማማ ቢላቸው የሚመለሱበት አይኖርም። በዚሁ አጋጣሚ፣ «ብቻቸውን ከሚሆኑ ዘመዴ አብሯቸው ይደር» የሚል ደግ ሰው ከመጣ መጀመሪያ ቀበሌው ዘንድ ይጠየቅ። አንዳንዱ ደግነት ዓይኑ ቤቱ ላይ ነው።

እንግዲህ እድሩን እንዴት? እናንተ በቡድን አትሂዱ። የእድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ለብቻቸው አግኙ። የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በደንቡ ውስጥ ለአቅመ ደካማ አባል የሚደረግ ምሕረት አለ ወይ? ብዙ ነባር እድሮች ዕድሜና የአባልነት ዘመን አይተው መዋጮ ያነሳሉ፤ ቢያንስ ቅጣቱን ይሰርዛሉ። ሁለተኛ፣ ካልሆነ እንደ አዲስ አባል ሳይሆን እንደ ተቋረጠ አባል ውዝፋቸው ተከፍሎ ይመለሱ። ልዩነቱ ብዙ ነው፤ በገንዘብም፣ በክብርም። ሦስተኛ፣ ነገሩ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ በስማቸው አይነሳ። ሥራ አስፈጻሚው መወሰን የሚችለውን በሥራ አስፈጻሚ ይጨርስ፤ ጉባኤ የግድ ካለ «ከሃያ ዓመት በላይ አባል የነበሩና በችግር የተቋረጡ» ተብሎ በጥቅል ይቅረብ። እመኑኝ፣ በደብተሩ ላይ የተሰረዘው ስም የእሳቸው ብቻ አይሆንም።

ሄዶ የሚነግራቸው ደግሞ የዕድሜ እኩያቸው የሆነች የእድሩ ሴት ትሁን። ውሸት አትንገራቸው፤ «ውዝፍ አልነበረብሽም» ብትላቸው ያውቃሉ። «ውዝፉ ተዘግቷል፣ ስምሽ ተመልሷል፣ ከዚህ በኋላ ያለውን እድሩ ያየዋል» በቂ ነው። ባዶ እጇንም አትሂድ፤ ይዛ የምትሄደው ግን ምግብ ሳይሆን «የእድሩን ዕቃ ቆጠራ ያዢልን» የሚል ልመና ይሁን። በየእድሩ ለቅሶ ሲደርስ ሰሃንና ብርጭቆ ቆጥሮ የሚሰጥ፣ ሲመለስ ቆጥሮ የሚረከብ ሰው ይቸግራል። ወጣቶቹ ሴቶች ሥራ ይውላሉ፤ የጎደለው ሰሃንም ሁልጊዜ ያጨቃጭቃል። ተቀምጦ የሚሠራ፣ ታማኝነትና ዕድሜ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ለእሳቸው የተቆረጠ። ዓይናቸው ደካማ ከሆነ አንዲት ልጅ አብራቸው ትቁጠር። ሌላውም መንገድ እንደዚሁ ነው፦ ከእናንተ ቤት አንዷ የጤፍ እርሾዋ ተበላሽቶባት ከሆነ እርሾ ትጠይቃቸው፤ ጡት የምታጠባ ካለች ውሃ እስክትቀዳ ሕፃኑን ትተውላቸው። ከዚያ በኋላ ሳህን ቢመጣላቸው እንደ ብድር መመለሻ ነውና ይበሉታል።

እምቢ ሊሉ ይችላሉ። መጀመሪያ እምቢ ካላሉ እንዲያውም እጠራጠራለሁ። ለረጅም ጊዜ የተዘጋ በር በአንድ እሁድ አይከፈትም፤ መልእክተኛዋ ሳትነዘንዝ ሰላምታዋን እየቀጠለች ትመለስ። ግን የእድሩ ስም የእሳቸው መልስ ሳይጠበቅ ይመለስ። ባይወጡም ይመለስ።

ስለ ልጃቸው አንድ ማስጠንቀቂያ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው፤ በነጻ ነው። ጠያቂዋ እናቲቱ መሆን ስላለባቸው ግን እሳቸው ሳያውቁ አትጀምሩት። በማኅበራዊ ሚዲያ «አፋልጉኝ» እያላችሁ ፎቶ አትበትኑ፤ ለልጅቱም አሠሪዋ ዘንድ መዘዝ ሊያመጣባት ይችላል፤ አጭበርባሪዎችም «አግኝተናታል፣ ማስለቀቂያ ላኩ» ብለው ይደውላሉ።

የተሰበሰበው 18,000 ብር በአንድ ጊዜ በእጃቸው አይሰጥ። በመጀመሪያ ውዝፉ ይከፈልበት። የእድሩ ምሕረት ከተገኘ የተረፈው ለዓይን ምርመራና ለመነጽር፣ ለፋይዳና ለሆስፒታል መመላለሻ የባጃጅ፣ ካስፈለገም ለጣራው ቆርቆሮ ይዋል። ቀሪው በሁለት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የእድሩ ሂሳብ ይቀመጥና ወርሃዊ መዋጮአቸው ከዚያ ይቆረጥ። ለሰጡት ሰዎችም በቡድናችሁ ውስጥ የገባና የወጣውን ብቻ አሳውቁ፤ የቤቱን ፎቶ የሚጠይቅ ለጋሽ ካለ ብሩን መልሱለት።